ከኤሌክትሪክ መረብ ውጪ የሚሠሩ የፀሐይ ኃይል ኢንቨርተሮችን ሙቀት ስለመቀነስና የባትሪ አሞላልን ስለማሻሻል

ኢንቨርተር ከባትሪ ወይም ከፀሐይ ፓነል የሚመጣውን የዲሲ ኤሌክትሪክ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና መሰል ዕቃዎች ወደሚሠሩበት የ220 ቮልት ኤሲ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ ነው። በአሁኑ ወቅት ለገበያ የሚቀርቡ በርካታ ኢንቨርተሮች የባትሪ ቻርጅ መቆጣጠሪያውንም በአንድ ሣጥን ውስጥ አጣምረው ይዘዋል። በመሆኑም ቀን ላይ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ያከናውናሉ፤ ለቤቱ ወይም ለተቋሙ ኃይል ያቀርባሉ፣ ለምሽት የሚያስፈልገውን ኃይል ደግሞ ወደ ባትሪው ይሞላሉ። መሣሪያው በጣም የሚሞቀው በዚሁ ሰዓት ነው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ራሳቸውን ለመከላከል የቻርጅ መጠናቸውን ይቀንሳሉ። ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ ተጠቃሚውም ባትሪው እንዳረጀ በመገመት አዲስ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ በዚያው ቦታና በዚያው አሠራር ከተገጠመ ዕጣው ከቀድሞው የተለየ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ከዋናው መረብ ውጪ በሆኑ አማራጮች እንዲሸፈን አቅዶ ነበር። ከእነዚህ አማራጮች መካከል የፀሐይ ኃይል ቀዳሚ ሥፍራ አለው። ከመረብ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሌሊት የምትወልድ እናት ብርሃን የምታገኘው፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ባትሪን የሚጠቀም ከሆነም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ወሰን ውስጥ የሚቆየው፣ ቀን ላይ ወደ ባትሪው በገባው ኃይል ነው። ስለዚህ የኢንቨርተሩ ሙቀትና የባትሪው አሞላል እንደ አንድ ጉዳይ ሊታዩ ይገባል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

ማንኛውም ኢንቨርተር የተቀበለውን ኃይል ሙሉ በሙሉ አያስተላልፍም። ለምሳሌ 92 በመቶ ውጤታማነት ያለው መሣሪያ 3,000 ዋት ለማቅረብ 3,260 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ 260 ዋት የሚሆነው ልዩነት በሣጥኑ ውስጥ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ባትሪው በተመሳሳይ ሰዓት እየተሞላ ከሆነ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ክፍል የራሱን ሙቀት ይጨምርበታል። ይህን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጡት ከኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ ጋር የተያያዙት የአሉሚኒየም ክንፎችና በላያቸው አየር የሚያሳልፉት ፋኖች ናቸው። ፋን ግን ሙቀትን አያጠፋም፤ ከሣጥኑ ወደ ክፍሉ ያዛውረዋል እንጂ። ክፍሉ ራሱ መውጫ ከሌለው ፋኑ ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ እየሳበ ይሽከረከራል።

በኢንቨርተር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የዋት መጠን ብዙውን ጊዜ በ25 ወይም በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የአካባቢ ሙቀት የተለካ ነው። የትኛው እንደሆነ በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስለሚገለጽ ከግዢ በፊት ማንበብ ይጠቅማል። በ25 ዲግሪ የተለካ 3,000 ዋት 40 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ 3,000 ዋት አይሆንም። የዕድሜ ጉዳይም አለ። በኢንቨርተሩ ውስጥ የሚገኙት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች የሥራ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በዘርፉ የታወቀ ስሌት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪም ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስበታል።

የመግጠሚያ ቦታ

ለሙቀት ችግር መፍትሔ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ተጨማሪ ፋን መግዛት ነው። ሆኖም ቦታውን መለወጥ በአብዛኛው የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ከጣሪያው ወደ ታች ብርቱ ሙቀት ስለሚለቅ ኢንቨርተሩን ከጣሪያው ሥር ከፍ አድርጎ መስቀል ተገቢ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት የምዕራብ ግድግዳም እንዲሁ። በዓይን ትክክል በሆነ ከፍታ፣ ፀሐይ በማይነካው የውስጥ ግድግዳ ላይ መግጠም ይመረጣል። ብዙ አምራቾች በመሣሪያው ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይና ከታች ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ እንዲተው ያሳስባሉ፤ ትክክለኛው ልክ በየመሣሪያው መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ልጆች እንዳይነኩት ወይም እንዳይሰረቅ በማሰብ ኢንቨርተሩን በቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍ የተለመደ ነው። ሥጋቱ የሚገባ ቢሆንም መሣሪያው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል። ጥበቃ ካስፈለገ በብረት ፍርግርግ የተሠራና አየር እንደልብ የሚያሳልፍ ሣጥን መጠቀም ይቻላል። የመግጠሚያው ግድግዳ የማይቀጣጠል መሆን ይኖርበታል። ግድግዳው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ከሆነ ከኢንቨርተሩ ጀርባ ከመሣሪያው የሰፋ የብረት ላሜራ ማስቀመጥ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከአቡጀዲ ከተሠራ ኮርኒስም ማራቅ ያስፈልጋል። ማድቤት በምንም ሁኔታ አይመረጥም። የምድጃ ጥላሸትና ቅባት በአሉሚኒየም ክንፎቹ ላይ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር በብሩሽ የማይለቅ ንብር ይፈጥራል።

ክፍሉን ለማናፈስ ከታች አንድ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከላይ ሌላ መተንፈሻ መክፈት በቂ ሊሆን ይችላል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዝቃዛው በታች ይተካዋል። አይጥ፣ እንሽላሊትና ነፍሳት እንዳይገቡ መተንፈሻዎቹን በሽቦ ወንፊት መሸፈን ይገባል። ወንፊቱ በጣም ደቃቅ ከሆነ ግን አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል፤ በየወሩ ሊጸዳ የማይችል ወንፊት ባይኖር ይሻላል።

ከዚህ በኋላም ሙቀቱ ካልቀነሰ ተጨማሪ ፋን መግጠም ይቻላል። በቅድሚያ የኢንቨርተሩ ፋን አየር የሚስበው በየት በኩል፣ የሚያስወጣውስ በየት በኩል እንደሆነ ስስ ወረቀት አስጠግቶ መለየት ያስፈልጋል። የውጭው ፋን በዚያው አቅጣጫ እንዲነፍስ መደረግ አለበት፤ በተቃራኒው ከተገጠመ ሁለቱ ፋኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሙቀቱም ይብሳል። ፋኑ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪው ከሆነ በራሱ ፊውዝ በኩል እንዲያልፍ፣ ሌሊት በከንቱ እንዳይሠራም በሙቀት መጠን በራሱ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ እንዲኖረው ይመከራል። የኢንቨርተሩን ክዳን ከፍቶ ፋን መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው። መሣሪያው ከጠፋ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ለሕይወት አደገኛ የሆነ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑን መክፈት የአምራቹን ዋስትናም በአብዛኛው ያስቀራል።

ባትሪና ኢንቨርተር በአንድ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ውሃ የሚጨመርባቸው የሊድ አሲድ ባትሪዎች ሲሞሉ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል፤ የአሲዱ ትነትም የኢንቨርተሩን ክፍሎች ይበላል። ኢንቨርተሩ ከባትሪዎቹ አናት በላይ ሳይሆን በጎናቸው በኩል፣ ኬብሉም እንዳይረዝም በቅርበት ሊገጠም ይገባል።

በቆላና በደጋ

የሀገሪቱ የአየር ንብረት ልዩነት ሰፊ በመሆኑ አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉም አካባቢ አይሠራም። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላ፣ በሁመራና በመተማ አካባቢዎች ዋናው ችግር ሙቀትና አቧራ ነው። በጠራ ፀሐይ የፓነል ሙቀት ከአየሩ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ፓነሉ 65 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል ማለት ነው። የፓነል ኃይል ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ 350 ዋት የተባለው ፓነል በዚያ ሰዓት ከ300 ዋት በታች ያመነጫል። ፓነሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ ከመምታት ይልቅ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መግጠም በሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ይረዳል።

ፒደብሊውኤም የተባለውን ርካሽ የቻርጅ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች በቆላ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ባለ 36 ሴል ፓነል በ25 ዲግሪ 18 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በ65 ዲግሪ ይህ ወደ 15 ቮልት ይወርዳል። ከዚያ ላይ በኬብል የሚባክነው ሲቀነስ ባትሪውን እስከ 14.4 ቮልት ለመሙላት የሚተርፍ ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል። የመፍትሔው አንዱ ክፍል ወፈር ያለ ኬብል ሲሆን፣ ሌላው ፓነሎችን በተከታታይ አያይዞ ኤምፒፒቲ የተባለውን መቆጣጠሪያ መጠቀም ነው።

በደጋ የሚያጋጥመው ተቃራኒው ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። ክፍት ቮልቴጃቸው እያንዳንዳቸው 48 ቮልት የሆኑ ሦስት ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ በ25 ዲግሪ 144 ቮልት ይሆናሉ፤ ወሰኑ 150 ቮልት ለሆነ መቆጣጠሪያ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ወይም በባሌ ተራሮች አካባቢ ውርጭ ባደረበት ማለዳ ፓነሉ 5 ዲግሪ ላይ ሲሆን ይኸው መሥመር 152 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ፀሐይ እንደወጣች መቆጣጠሪያው ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት በዋስትና አይሸፈንም፤ ስለዚህ የፓነሎቹ ብዛት መወሰን ያለበት በቀዝቃዛው ማለዳ እንጂ በሰሌዳው ቁጥር አይደለም።

ከፍታ ራሱም የማቀዝቀዝ አቅምን ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ያካክሳል። ቢሆንም ብዙ መመሪያዎች ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ የመሣሪያው አቅም ተቀንሶ እንዲታሰብ ስለሚያዝዙ ኢንቨርተሩን በሙሉ አቅሙ ለረጅም ሰዓት ማሠራት አይመከርም።

የቻርጅ ቅንብር

አዲስ ኢንቨርተር ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ የተሞላው ቅንብር ለአንድ የተወሰነ የባትሪ ዓይነት የተዘጋጀ ነው። የተገጠመው ባትሪ ከዚያ የተለየ ከሆነ ቅንብሩ መስተካከል አለበት። በመጀመሪያ የሚታየው የአምፒር መጠን ነው። ለሊድ አሲድ ባትሪ በአብዛኛው የሚመከረው የቻርጅ መጠን ከባትሪው አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ለ200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ20 እስከ 40 አምፒር ማለት ነው። ኢንቨርተሩ በ60 አምፒር እንዲሞላ ተቀምጦ ከሆነ ባትሪውም ኢንቨርተሩም አለአግባብ ይሞቃሉ። ወደ 40 አምፒር ዝቅ ማድረግ አሞላሉን የሚያዘገይ ይመስላል፤ ሆኖም በሙቀት ምክንያት እየተቋረጠ ከሚሠራ 60 አምፒር ሳይቆራረጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ 40 አምፒር የበለጠ ኃይል ሊያስገባ ይችላል። ከጄኔሬተር ለሚሞላ ባትሪም ይኸው ልክ ይሠራል።

ሁለተኛው ቮልቴጁ ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ የመሙያ ቮልቴጅ ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። በ25 ዲግሪ 28.8 ቮልት የሚያስፈልገው የ24 ቮልት ባትሪ በ40 ዲግሪ 28.1 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፤ በ10 ዲግሪ ግን 29.5 ቮልት ያስፈልገዋል። ይህ ማስተካከያ ካልተደረገ የቆላው ባትሪ እየፈላ ውሃውን ይጨርሳል፤ የደጋው ደግሞ መቼም ሳይሞላ ሳህኖቹ በሰልፌት ይሸፈናሉ። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና በሚበዛበት ወቅት የደጋው ችግር ይከፋል። ማስተካከያውን በራሱ የሚያደርገው ከባትሪው ጎን የሚለጠፍ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ገመድ ነው። ብዙ ጊዜ ከኢንቨርተሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣል ወይም ለብቻው ይሸጣል፤ ሳይገጠም የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም። መግጠሚያ በሌላቸው መሣሪያዎች ላይ ቮልቴጁን እንደ ወቅቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በእጅ ማስተካከል ይቻላል።

የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ እንዲህ ያለ ማስተካከያ አያስፈልገውም፤ ሊደረግለትም አይገባም። ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ግን መሞላት የለበትም። ለጄል ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ጉዳት ያስከትላል። ኢኳላይዜሽን የሚባለው በከፍተኛ ቮልቴጅ የማመጣጠን አሠራር ውሃ ለሚጨመርባቸው ባትሪዎች ብቻ የታሰበ ነው። ለእነዚህ ባትሪዎች የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድ መጨመር ባትሪውን ያበላሻል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ብክነትም አለ። ኢንቨርተር ምንም ዕቃ ባይሰካበትም በርቶ እስካለ ድረስ ለራሱ ኃይል ይወስዳል። 40 ዋት የሚወስድ መሣሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨርሳል። የ24 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር በግማሽ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል የሚሰጠው 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚህ 40 በመቶው በባዶ ይሄዳል። ሌሊት ኢንቨርተሩን አጥፍቶ አነስተኛ የዲሲ አምፖል መጠቀም ወይም ኃይል ቆጣቢ የሚባለውን ቅንብር ማብራት ይህን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚፈልግ ለአብዛኞቹ የቤት ኢንቨርተሮች አይሆንም። ልብስ መተኮስ፣ ውሃ መሳብና የመሳሰሉት ባትሪው ወደ መሙላቱ ከተቃረበ በኋላ፣ በተራ በተራ ቢከናወኑ ይመረጣል።

ኬብልና ማሰሪያ

ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ኬብል ቀጭን ከሆነ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። በ24 ቮልት ሥርዓት 3,000 ዋት ሲጫን ከ130 አምፒር በላይ ያልፋል። ደርሶ መልሱ 4 ሜትር የሆነ የ16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል በዚህ ጊዜ 0.6 ቮልት ያጎድላል፣ 85 ዋት ያህልም በሙቀት ያባክናል፤ በ35 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ጉድለቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ደግሞ ኢንቨርተሩ ባትሪው የሞላ መስሎት ቀድሞ አምፒሩን መቀነስ ይጀምራል። የላላ ብሎን ከቀጭን ኬብል የባሰ ነው፤ ሙቀቱን በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያከማች ፕላስቲኩን አቅልጦ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከተገጠመ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ ሁሉም ብሎኖች መጥበቃቸው ቢረጋገጥ ጥሩ ነው። ከዚህ ሥራ በፊት የፓነሉ ብሬከር፣ ከዚያም የባትሪው መዝጋት አለበት።

መንስኤውን ለመለየት

የቻርጅ አምፒር መቀነሱ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ባትሪው ወደ ሙላት ሲቃረብ ቮልቴጁ በተቀመጠለት ጣሪያ ላይ ይቆምና አምፒሩ ቀስ በቀስ መውረዱ ትክክለኛ አሠራር ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በኢንቨርተሩ መስኮት ላይ የሚታየውን የባትሪ ቮልቴጅና የቻርጅ አምፒር በየግማሽ ሰዓቱ መመዝገብ ይበቃል። ቮልቴጁ ከጣሪያው በታች እያለ አምፒሩ ከወረደ፣ የኢንቨርተሩ ሣጥን እጅ የማያስነካ ከሆነና በር ተከፍቶ ተጨማሪ አየር ሲያገኝ አምፒሩ መልሶ ከወጣ፣ ችግሩ ሙቀት ነው። አየር ቢያገኝም ካልተለወጠ ፓነሉን ከአቧራ ማጽዳት፣ የዛፍ ወይም የምሰሶ ጥላ እንዳላረፈበት ማየት፣ ቀጥሎም ኬብሉን መፈተሽ ይገባል። ፓነል የሚታጠበው በማለዳ ነው፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ባለሙያ ወይም ሻጭ ዘንድ የሚቀርብ ተገልጋይ ይህን ምዝገባ፣ የግዢ ደረሰኙን፣ የኢንቨርተሩን መለያ ቁጥር፣ የባትሪውን ዓይነትና አቅም እንዲሁም በመስኮቱ ላይ የታየውን የስህተት ቁጥር ይዞ መገኘቱ አገልግሎቱን ያፋጥናል። ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ምዝገባውን በአንድ ደብተር ይዘው ከኢንቨርተሩ አጠገብ እንዲያስቀምጡት ይመከራል፤ ተረኛ ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር የመሣሪያው ታሪክ አብሮ አይጠፋም። ሥራው የብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መከናወን ይኖርበታል። ባለሙያ በቅርብ ለማያገኙ ነዋሪዎች በየወረዳው የሚገኘው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው መጠየቂያ ነው።